የመኪና ጥያቄና መልስ፦ አስፋልቱ ሲረጋ

ታኅሣሥ ሲገባ የዚህ አምድ የመልእክት ሳጥን መልኩን ይቀይራል። ስለ ሞተር ዘይትና ስለ ፍሬን ሸራ የሚጠይቀው ሰው ይቀንስና ስለሚያዳልጥ መንገድ የሚጠይቀው ይበዛል። ለዚህ እትም አሥሩን መርጠናል።

አስቀድሞ አንድ የቃል ጉዳይ እንፍታ። አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም "በረዶ" ይለዋል። ለአሽከርካሪ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ውጭ ያለው ወገን እንደለመደው የሚረግፈውን "ስኖው"፣ አስፋልት ላይ የረጋውን "አይስ" እንላለን፤ "በረዶ" ለጠጠሩ ይቆይልን።

ጥያቄ፦ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ግድም ወደ ሥራ ስሄድ መንገዱ ረጥቦ ነበር እንጂ ስኖው የሚባል ነገር አልነበረበትም። ድልድይ ላይ ስደርስ መኪናዋ ከእጄ ወጣች። ፍሬን ስይዝ ጭራሽ ባሰባት፤ ዞራ ከዳር ካለው ብረት ጋር ተላተመች። እኔ ደህና ነኝ። የማላየውን ነገር እንዴት ልጠንቀቀው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እንኳን ተረፉ። ያጋጠመዎት አገሬው "ብላክ አይስ" የሚለው ነው። ስሙ ያሳስታል። አይሱ ጥቁር ሳይሆን እንደ መስታወት ጥርት ያለ ስስ ንጣፍ ነው፤ ከሥሩ ያለውን አስፋልት ስለሚያሳይ ነው መንገዱ የረጠበ ብቻ የመሰለዎት።

ድልድይ ላይ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም። መሬት ላይ የተነጠፈ አስፋልት ከሥሩ ያለው አፈር ያቆየውን ሙቀት እየተቀበለ ያድራል። ድልድይ ግን ሆዱም ጀርባውም ለነፋስ የተሰጠ ነው። መንገዱ ገና እርጥብ እያለ ድልድዩ ረግቶ ይጠብቅዎታል። ከፍ ብለው የተሠሩ የሀይዌይ መግቢያና መውጫ ጥምዞችም እንደዚያው ናቸው። ፀሐይ የማትደርስበትን የዛፍና የሕንፃ ጥላ፣ መንገድ ዳር የተቆለለው ስኖው ቀን ቀልጦ ውኃው አስፋልቱን የሚያቋርጥበትን ቦታም ይጠርጥሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የትራፊክ መብራት አካባቢን ነው። መኪኖች ቆመው ሲነሱ የሞተራቸው ሙቀትና የጎማቸው ሽክርክሪት ስኖውን ያቀልጠዋል፤ መልሶ ይረጋል፤ ቀጣዩ ጎማ ደግሞ ይወለውለዋል። ለመቆም ፍሬን የሚይዙባት ያቺው ቦታ ከመንገዱ ሁሉ የባሰች ሆና ትገኛለች።

አደገኛው ሰዓት ፀሐይ ልትወጣ ስትልና ከወጣች በኋላ ያለው ጥቂት ጊዜ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን የሙቀት ቁጥር ብዙ አይመኑት፤ የሚለካው መኪናው አፍንጫ አካባቢ ያለውን አየር እንጂ አስፋልቱን አይደለም። ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት አስፋልቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ስለሚለቅ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቁጥሩ 2 ወይም 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያሳየ መንገዱ ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ከ4 ዲግሪ (40 ፋራናይት ግድም) በታች ካዩ ድልድዩን ሁሉ እንደረጋ ይቁጠሩት።

ዓይን ባያይ ጆሮና እጅ ይናገራሉ። እርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ሽሽሽ ይላል፤ ከፊት ያለው መኪናም ውኃ ይረጫል። ድምፁ ድንገት ጭጭ ካለ፣ የፊተኛው መኪና ጎማ ምንም ካልረጨ፣ መሪውም ቅልል ካለዎት አይስ ላይ ነዎት። ያን ጊዜ እግርዎን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርገው ያንሱ፤ ፍሬኑን አይንኩት፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ። ድልድዩ ያልቃል፤ ጎማው ደረቁን ሲያገኝ መልሶ ይይዛል። ፍሬን ሲይዙ የባሰባት ጎማዎቹ የነበራቸውን ጥቂት የመያዝ አቅም ለማቆም ስላዋሉት ነው፤ መኪናዋን ቀጥ አድርጎ ለማስኬድ የተረፈ አልነበረም።

ርቀቱን በቁጥር ይያዙት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር (31 ማይል) የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ 14 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። የተጠቀጠቀ ስኖው ላይ 35 ሜትር አካባቢ ይፈልጋል፤ አይስ ላይ 100 ሜትር ይጠጋል። ፍጥነቱን በግማሽ ቢቀንሱ ግን ርቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ 100 የነበረው 25 ይሆናል። ከፊት ካለው መኪና ጋር ያለዎትን ክፍተት በሰከንድ ይለኩት፦ እሱ አንድ ምሰሶ ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩ፤ እርስዎ እዚያው ምሰሶ ጋ እስኪደርሱ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ካልሞላ ተጠግተዋል። ፍጥነቱን መኪናው ራሱ እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ክሩዝ ኮንትሮል ደግሞ እንዲህ ባለ ቀን ጨርሶ አይክፈቱት፤ እግርዎን ከነዳጁ ላይ የማንሳቱን ሥራ ለማሽን አሳልፎ መስጠት ነው።

ብርዱ በጠና ቁጥር መንገዱ ይከፋል የሚል እምነት ሰፍኗል። አይስ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዜሮ ዲግሪ አካባቢ አይሱ ላይ ስስ ውኃ ስለሚንሳፈፍ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ከዜሮ በታች 18 (0 ፋራናይት) ላይ ከሚፈጀው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። የዋሽንግተን አካባቢ ክረምት ከሚኒሶታው የቀለለ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ብርዱ የሚያንዣብበው እዚያችው ዜሮ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ጨው ከተነሰነሰ በኋላስ? ጨው ያለበት መንገድ አያዳልጥም አይደል? (ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ)

መልስ፦ እንደ ብርዱ ነው። ተራው የመንገድ ጨው 30 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 1 ሴንቲግሬድ) ላይ አንድ ፓውንዱ 46 ፓውንድ ያህል አይስ ያቀልጣል። 20 ፋራናይት ላይ ያው አንድ ፓውንድ 9 እንኳ አይሞላም። ከ15 ፋራናይት (ከዜሮ በታች 9) በታች ሲወርድ ሥራው በጣም ስለሚዘገይ ከተሞቹ ካልሲየም ወይም ማግኒዚየም ክሎራይድ ይቀላቅሉበታል፤ አለዚያም ጎማ እንዲይዝ አሸዋ ይበትናሉ። በጨው የቀለጠው ውኃም ብርዱ ሲበረታ መልሶ ይረጋል። መንገዱ ላይ ነጭ ዱቄት ማየትዎ ጨዋማው ውኃ መድረቁን ያሳያል፤ ድልድዩ አለመርጋቱን አያረጋግጥልዎትም።

ጥያቄ፦ ፎር ዊል መኪና ገዛሁ። ጓደኛዬ "ፎር ዊል ካለህ የክረምት ጎማ ብር ማባከን ነው" ይለኛል። እውነት ነው? (ከሚኒያፖሊስ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ግማሹን ነው የነገረዎት። አራቱም ጎማ ሲገፋ መኪናው ከቆመበት በቀላሉ ይነሳል፤ ዳገትም ይወጣል። ለመቆም ግን የማንኛውም መኪና ፍሬን የሚሠራው በአራት ጎማ ነው፤ ፎር ዊሉ የሚጨምርለት የለም። እንዲያውም ያታልላል። ሌላው መኪና ሲነሳ ጎማው ባዶውን ስለሚሾር "መንገዱ ያዳልጣል" ብሎ ባለቤቱን ያስጠነቅቀዋል። ፎር ዊል ምንም ሳይል ፈትለክ ይልና የመንገዱን ነገር የሚነግርዎት ፍሬን ሲይዙ ነው።

መኪናው መንገዱን የሚነካው በአራት፣ እያንዳንዳቸው የእጅ መዳፍ በሚያክሉ ቦታዎች ብቻ ነው። የሚወስነው እዚያ ላይ ያለው ላስቲክ ነው። "ኦል ሲዝን" የሚባለው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (45 ፋራናይት) በታች እየደረቀ፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ሚኒሶታ ላይ "ሦስት ወቅት" ቢባል ይቀርበዋል። የክረምት ጎማ ላስቲክ በብርድ ጊዜም ለስላሳ እንዲሆን የተቀመመ ነው፤ ጥርሱም በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ ስለሆነ ስኖውን ይነክሳል።

ሲገዙ የጎማውን ጎን ይመልከቱ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሐሉ ላይ የስኖው ቅንጣት የተሳለበት ምልክት ካለ በፈተና ያለፈ ነው። "ኤም" እና "ኤስ" የሚሉት የላቲን ፊደላት ብቻ ካሉ ስለ ጥርሱ ቅርጽ እንጂ ስለ ላስቲኩ የሚናገሩት ነገር የለም፤ ጀርመን ከጥቅምት 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ በክረምት መንገድ ላይ የምትቀበለው የተራራውን ምልክት ብቻ ነው። ሚኒሶታ የክረምት ጎማ ግዴታ የለባትም፤ ባለ ሚስማሩን ጎማ ግን ለነዋሪዎቿ ትከለክላለች፤ ሰው ከሌላ ስቴት "በርካሽ አመጣሁልህ" ቢልዎ እንዳይቸኩሉ። ካናዳ ኬቤክ ያሉ ዘመዶችዎ ግን ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ያለ ክረምት ጎማ መንዳት አይችሉም።

የሚገዙት አራቱንም ነው። ሁለት ብቻ ገዝቶ ፊት ላይ የሚያስር ሰው ብዙ ነው። ከፊት የሚይዝ፣ ከኋላ የሚያዳልጥ መኪና ጥምዝ ላይ ፍሬን ሲነካ ቂጡ ቀድሞ ይመጣል። አቅም ካለ ለክረምቱ ጎማ የራሱን ቸርኬ መግዛት ይመረጣል፤ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ጎማ ከቸርኬ የማስፈልቀቁ ሒሳብ ይቀርልዎታል። ኅዳር መግቢያ ላይ ያስቀይሩ። መጀመሪያው ስኖው ሲጥል ጎሚስታው ጋ ያለው ሰልፍ ቀልድ አይደለም።

ጥርሱን በሳንቲም መለካት ይቻላል። የአሜሪካ 25 ሳንቲም ወስደው የዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች አድርገው ጥርሱ መሐል ይክተቱት። ጎማው የጭንቅላቱን ጫፍ ካልነካ ጥርሱ ከ4/32 ኢንች በታች ነው፤ ለስኖው አልቋል። ስኖው ላይ በደንብ እንዲይዝ 6/32 ኢንች (5 ሚሊ ሜትር ያህል) ቢኖረው ይመረጣል። ሊሾ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጎማ በሕግ ቢፈቀድም አይስ ላይ አይረዳዎትም።

ነፋሱንም አይርሱ። በየ10 ፋራናይቱ ዝቅታ የጎማው ነፋስ ግፊት 1 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ይወርዳል። መስከረም ላይ በ70 ፋራናይት 33 የሞሉት ጎማ ጥር ላይ 0 ፋራናይት ሲሆን 26 ላይ ያገኙታል። መኪናው ቆሞ ባደረበት ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይሙሉት። ጎማው ላይ የተጻፈው ከፍተኛው መጠን ስለሆነ አይከተሉት። "ለስኖው ትንሽ ነፋስ ይቀነስ" የሚለው የአሸዋ ምክር ነው፤ ለአስፋልት አይሆንም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባና በባሕር ዳር መካከል ለብዙ ዓመት ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስወርድ ማርሽ ይዤ እንጂ ፍሬን ረግጬ አላውቅም። ቁልቁለት አያስፈራኝም። እዚህ ሲያትል ግን አንድ ቀን በቤቴ ቁልቁለት ላይ አራቱም ጎማ ቆሞ መኪናው እንደ ጀልባ ወረደ። ምን አጠፋሁ? (ከሲያትል)

መልስ፦ ምናልባት መውጣትዎ ካልሆነ ምንም አላጠፉም። ጎማ አይስን የሚይዝበት ኃይል የመኪናውን ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው ብንል፣ ከ10 በመቶ የሚበልጥ ቁልቁለት (በየ10 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ የሚወርድ) ላይ የቆመ መኪና እንኳ ይንሸራተታል። ፍሬኑ ሠርቷል፤ ጎማውም ቆሟል፤ የሚይዘው መሬት ነው የጠፋው። ሲያትል ውስጥ ከዚያ የሚብሱ መንገዶች ሞልተዋል፤ ከተማውም ስኖው ሲጥል አንዳንዶቹን ይዘጋል። እንዲህ ያለው ቀን ችሎታ የሚለካበት አይደለም፤ መኪናውን ሜዳው መንገድ ላይ አቁሞ ቤት በእግር መግባት ነው። ቁልቁለቱ 5 በመቶ ከሆነም ለማቆም የሚቀርዎት ኃይል ግማሹ ብቻ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ይሆናል።

በማርሽ ይዞ የመውረዱ ልማድዎ ጥሩ ነው፤ ይያዙት። ማሻሻያው ይህ ነው፦ ማርሹን የሚቀንሱት ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሜዳው ላይ፣ መኪናው እንደ ሰው እርምጃ ሲሆን ነው። መሐል ላይ ድንገት መቀነስ ሞተሩ ጎማዎቹን እንዲገታ ያደርጋል፤ በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ከሆነ የኋላው ሙልጭ ይላል። በተለይ ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይልቀቁ።

ሲወጡ ደግሞ ዳገቱ ግርጌ ላይ ጥቂት ፍጥነት ይያዙና ነዳጁን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይውጡ። ከፊትዎ ያለው መኪና ጫፉን ሳያልፍ አይጀምሩ፤ መሐል ላይ እሱ ከቆመ እርስዎም ይቆማሉ፤ ከዚያ መነሻ የለም።

ጥያቄ፦ በከባድ መኪና አይ-70 ሀይዌይን ይዤ ወደ ምዕራብ እመላለሳለሁ። ሰንሰለቱን ይዤያለሁ፤ አንዴም አስሬው አላውቅም። (ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ እንዲያውም መያዙ ግዴታ ነው። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል የንግድ ከባድ መኪና ያለ ሰንሰለት መገኘት የለበትም። (በዚያው መስመር በሁለት ጎማ ብቻ የሚገፋ የቤት መኪና 3/16 ኢንች ጥርስ ያለው ለስኖው የተሠራ ጎማ ማሰር፣ አለዚያ ሰንሰለት ወይም ተመሳሳይ ነገር መያዝ አለበት። 3/16 ማለት ከላይ ያልነው 6/32 ነው።)

የመጀመሪያ ልምምድዎን ደረቅ ቀን፣ ግቢ ውስጥ ያድርጉት። ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግተው የተጠማዘዘ ዘለበት ካለ ያቃኑ። የመያዣው መንጠቆ አፉ ወደ ውጭ፣ ከጎማው በተቃራኒ ይዙር፤ ወደ ውስጥ ከዞረ የጎማውን ጎን ይቦጭቀዋል። በሚገፋው ጎማ ላይ ከላይ ያልብሱት፤ ጥቂት ወደፊት ነድተው ጫፎቹን ያገናኙ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የውስጡን መንጠቆ፣ ከዚያ የውጭውን ያያይዙ፤ ማጥበቂያዎቹን በቁልፉ ያዙሩ፤ ላስቲኩን ይወጥሩ። ጥቂት መቶ ሜትር ነድተው እንደገና ያጥብቁ። ይህን ሁለተኛ ማጥበቅ የዘለለ ሰው ነው ሰንሰለቱ ተፈትቶ የፍሬን ቱቦ ሲበጥስበት የሚታየው። በሰዓት ከ30 ማይል በላይ አይንዱበት፤ ባዶ አስፋልት ሲያገኙ ይፍቱት።

መንገዱ በሚያዳልጥበት ጊዜ የሞተር ፍሬኑን ያጥፉት፤ የሚገፉትን ጎማዎች ብቻ ስለሚገታ ተሳቢው ከኋላ እየገፋ ጎታቹን መኪና እንደ ሰንጢ ያጥፈዋል። ነዳጁስ? ተራ ናፍጣ ብርድ ሲጠና ሰም አውጥቶ ማጣሪያውን ይደፍነዋል። የብርድ ማሻሻያውን መጨመር ያለብዎት ናፍጣው ገና ሳይረጋ፣ ነዳጅ ሲሞሉ ነው። ከረጋ በኋላ የሚጨመረው መድኃኒት ሌላ ዓይነት ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ የስዊድን መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚያዳልጥ መንገድ ሥልጠናው ቀርቶኛል። ትምህርቱ በስዊድንኛ ስለሆነ ቀድሜ በአማርኛ ልረዳው ብዬ ነው። በተለይ ፍሬኑ እግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ደንግጬ እለቀዋለሁ። (ከዮተቦሪ)

መልስ፦ "ሃልካ" የሚሉት ያ የሚያዳልጥ መንገድ ሁለት ትምህርት ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱንም እዚያ ሜዳ ላይ ያገኙታል።

አንደኛው ፍሬኑ ነው። የሚንቀጠቀጠው ኤቢኤስ ነው። ጎማው ሊቆም ሲል ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያደርጋል። ግርርር የሚለው ድምፅና እግር ላይ የሚመታው ነገር መሥራቱን የሚናገር ነው። እስከ መጨረሻው ረግጠው ይያዙት፤ አይልቀቁ፤ እንደ ድሮ መኪና ረገጥ ለቀቅ አያድርጉት። ትልቁ ጥቅሙ ፍሬን እንደያዙ መሪ ማዞር መቻልዎ ነው። ርቀቱን ሁልጊዜ ያሳጥራል ብለው ግን እንዳይጠብቁ፤ ባልተጠቀጠቀ ስኖው ላይ እንዲያውም ሊያረዝመው ይችላል፤ የቆመ ጎማ ከፊቱ ስኖው እየቆለለ የሚቆምበትን ነገር ኤቢኤስ ይከለክለዋል።

ሁለተኛው መንሸራተት ነው። መሪውን አዙረው መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ ፊተኞቹ ጎማዎች ለቀዋል። የሰው እጅ ያን ጊዜ የሚፈልገው የበለጠ ማዞር ነው፤ ያባብሰዋል። ከነዳጁ ይነሱ፤ መሪውን ጥቂት መልሱት፤ ጎማው ሲይዝ እንደገና በቀስታ ያዙሩ። የኋላው ሲወጣ ደግሞ ዓይንዎን መሄድ የሚፈልጉበት ላይ ይትከሉ፤ እጅ ዓይንን ይከተላል። ኋላው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውም ወደ ቀኝ። መኪናው ሲመለስ መሪውን ቶሎ ወደ መሐል ያምጡት፤ አለዚያ ወደ ግራ ይወረውርዎታል፤ ብዙ ሰው መንገድ የሚስተው በሁለተኛው ውርወራ ነው። ምሰሶን እንዳልመታ ብለው ምሰሶውን ካዩት ይመቱታል።

ሜዳው ላይ ያለውን ሁሉ አንድ ልማድ ያቀለዋል፦ ፍሬን፣ መሪ፣ ነዳጅ አንድ ላይ አይነኩም። ቀጥ ባለበት ፍሬን ይይዛሉ፤ ይለቃሉ፤ ከዚያ ያዞራሉ፤ መሪው ቀጥ ሲል ነዳጅ ይሰጣሉ። ኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ይህን ይልመዱ፤ እግር ከነዳጁ ሲነሳ መኪናው በራሱ ስለሚገታ "ለቀቅሁት" ያሉት ነገር ፍሬን መያዝ ሆኖ ይገኛል። አይስ ባለበት ቀን ያንን መግቻ ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት።

ለአገሩ ሕግ፦ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 መንገዱ የክረምት መልክ ካለው የክረምት ጎማ ግዴታ ነው፤ ጥርሱም ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር።

ጥያቄ፦ ጠዋት መኪናዬ አይነሳም፤ ሲነሳም መስታወቱ ከውስጥ ይጨልማል። ባለቤቴ የፈላ ውኃ ካላፈሰስኩ ይላል። (ከኤድመንተን)

መልስ፦ ባለቤትዎን በፍቅር ይከልክሏቸው። የቀዘቀዘ መስታወት ላይ የፈላ ውኃ ሲፈስ አንዷ የጠጠር ጭረት ከዳር እስከ ዳር ትሰነጠቃለች፤ ካልተሰነጠቀም ውኃው እዚያው ይረጋል። መፋቂያ ይጠቀሙ።

መስታወቱ ከውስጥ የሚጨልመው ጫማዎ ይዞት የገባው ስኖው ቀልጦ እየተነነ ነው። አየር ማዞሪያውን ከውጭ የሚያስገባው ላይ ያድርጉት፤ ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ ይምሩ፤ ኤሲውን ይክፈቱ። በዚያ ብርድ ኤሲ መክፈት ሊያስቅ ይችላል፤ ግን ኤሲ አየሩን ያደርቃል።

ባትሪ ከዜሮ በታች 18 ላይ ከግማሽ በላይ አቅሙን ያጣል፤ የወፈረው ዘይት ደግሞ ሞተሪኖውን ያከብድበታል። ከ4 ዓመት ያለፈ ባትሪ ካለዎት በጥቅምት ያስፈትሹት። ኤድመንተን ውስጥ የሞተር ማሞቂያው ገመድ ከመኪናው አፍንጫ የሚንጠለጠለው ለጌጥ አይደለም፤ ከመነሳትዎ 3 ወይም 4 ሰዓት በፊት እንዲበራ በሰዓት መቁጠሪያ ይሰኩት። መስታወት ማጠቢያውን በውኃ መሙላት ይቅር፤ ፕላስቲኩን ሰንጥቆት ያድራል፤ እዚያ አገር እስከ ከዜሮ በታች 40 የማይረጋው ይሸጣል። ስኖውን ከጣራውም ያውርዱ። መጀመሪያ ፍሬን ሲይዙ ተንዶ የፊት መስታወትዎን ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ በ2022 አይ-95 ሀይዌይ ላይ ሰው መኪና ውስጥ አደረ ሲባል ሰማን። እኔስ ባድር ምን ልያዝ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ነበር። መጀመሪያ ዝናብ ስለዘነበ ቀድሞ የሚረጨው ጨዋማ ውኃ ታጥቦ የሚሄድ ነበር፤ ከዚያ ስኖው በፍጥነት ጣለ፤ ከባድ መኪኖች ታጥፈው መንገዱን ዘጉ። ብዙ ሰው ከ24 ሰዓት በላይ ቆመ። ሴናተር ቲም ኬይን ራሳቸው 27 ሰዓት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ከሁሉ በፊት ማርሚታው። ጭስ መውጫው በስኖው ከተደፈነ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሰው እንቅልፍ የያዘው እየመሰለው ያልፋል። ወርደው መውጫውን በእጅም ቢሆን ይክፈቱት፤ ስኖው እየጣለ ከሆነ ደጋግመው ይመልከቱት። ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ብቻ ያሙቁ፤ ነፋስ በማይመጣበት በኩል መስኮቱን ጣት ያህል ይክፈቱ። ከመኪናው ርቀው አይሂዱ። ታንከሩ ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ማድረግ፣ ኋላ ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ፣ አጭር አካፋ፣ ጓንት፣ ባትሪ መብራት፣ የስልክ ገመድ፣ ውኃ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ካለም እሱን መያዝ ነው። በሶ ወይም ዳቦ ቆሎ ያለው ሰው ከሱቅ ብስኩት የተሻለ ስንቅ አለው፤ አይረጋም፣ አይበላሽም።

ስኖው ውስጥ ብቻዎን ከተቀረቀሩ አያስሹሩት። የሚሾር ጎማ ስኖውን አቅልጦ ራሱ አይስ ይሠራል። ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ ይጥረጉ፤ መሪውን ቀጥ ያድርጉ፤ ከሚገፋው ጎማ ፊት አሸዋ ወይም የድመት አሸዋ ይበትኑ፤ መንሸራተት መከላከያውን ለጊዜው ያጥፉ፤ በሁለተኛ ማርሽ በጣም በቀስታ ይነሱ። ካልሆነ ወደፊት፣ ወደኋላ ጥቂት ጥቂት ያወዛውዙት። ከመኪናው ፊትም ኋላም ሰው አይቁም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌ ላይ የሚጥለው በረዶስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክብ ጠጠር ስለሆነ ጎማ ሥር እንደ ኳስ ይንከባለላል፤ ለደቂቃዎች ከስኖውም ሊያዳልጥ ይችላል። ፍጥነት ይቀንሱ፤ ፍሬቻ አብርተው ከመንገድ ወጥተው ይቁሙ፤ ቶሎ ያባራል። መስታወት እንዳይሰበር ብለው ድልድይ ሥር መሐል መንገድ ላይ አይቁሙ፤ ከኋላ የሚመጣው አያይዎትም፤ ጎርፉም የሚጠራቀመው እዚያው ነው።

ጥያቄ፦ እጅ ፍሬኔ ይዞ አድሮ አልለቅ አለኝ። (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ርጥብ ሆኖ ውሎ ሌሊት ረግቷል። በኃይል አይነዱት፤ የፍሬን ሸራው ይላጣል። ሞተሩን አስነስተው ያቆዩት፤ ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ በጣም በቀስታ ይሞክሩ፤ ብዙውን ጊዜ ጧ ብሎ ይለቃል። ካልለቀቀ ማሞቂያ ያለው ጋራዥ ያስፈልገዋል። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ሜዳ ላይ ሲያቆሙ በማርሽ፣ አውቶማቲክ ከሆነም በፒ ብቻ ያሳድሩት፤ ጎማው ሥር ፊትና ኋላ እንጨት ያስገቡ።